ልጄ «እንብላ» ያለችው ለማን ነበር?

ትናንት ከሰዓት... ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ከፈትኩና የገዛ ቤቴን ፈራሁት።

ኢስተን አካባቢ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሎከር ውስጥ ቆልፈንበት ነው የምንገባው። ብሬካችንም ልጄ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ያልቃል። ትናንት ግን የልብስ ማድረቂያው ተበላሽቶ ብሬኩ ዘገየ፤ እኔም ሶሊዬ ብቻዋን ቤት ስትውል ለመጀመሪያ ጊዜ በካሜራ ለማየት በቃሁ።

ሶሊ አሥር ዓመቷ ነው። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ተከራይተን የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን። እስክመጣ ድረስ መክሰሷን ራሷ ትሠራለች። ሕጉ አጭር ነው... ምድጃ አይነካም፣ ቢላ አይነካም፣ በር ለማንም አይከፈትም። ካሜራውን ፍሪጁ ላይ ያስቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

መክሰሷን ብታዩት! መጀመሪያ እጇን ስትታጠብ ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ እንጀራ ዘረጋች፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀባችው፣ ሙዝ በማንኪያ ጫፍ ቆራርጣ ደረደረችበት፣ ማር አንጠባጠበችበትና ጠቀለለችው። በእንጀራ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም። ግን ኮራሁባት።

ተቀመጠች... ጥቅሉን አነሳች... ቀና አለችና «እንብላ» አለች።

በአማርኛ! ስጠራት እንኳ «ዋት?» የምትለኝ ልጅ። ሰው ፊት ሳይጋብዙ መብላት ነውር ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት «ብዪ የኔ ልጅ» ስትል ሰማሁ። ጎርነን ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ። ሶሊ ፈገግ ብላ ጎረሰች።

«ማነው እዚያ? ሶሊ ውጪ! ከቤት ውጪ!» እያልኩ ጮህኩ።

ሶሊ ወደ ፍሪጁ ቀና ብላ «ማሚ? ኋይ አር ዩ የሊንግ?» አለችኝ።

አጠገቤ ምሳቸውን የሚበሉት የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ። «ምን ነካሽ አንቺ? አሁን ራስሽ አይደለሽም ወይ ብዪ ያልሻት?»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! ጣትሽ እኮ የስልክሽን ማይክ እንደተጫነ ነው። በጆሮዬ ሰማሁሽ።»

እውነታቸውን ነው። እንብላ ስባል አፌ እኔን ሳያማክር ነው የሚመልሰው። የራሴው ድምፅ ቤት ደርሶ፣ በካሜራው ዞሮ ተመልሶ መጣብኝ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። «ብለድ ፕሬዠር አለብኝ እኮ፣ አንቺ ሰው ታስጨርሺያለሽ!» አሉኝ።

ቤት ስገባ እየሳቅኩ ለሶሊ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«አይ ኖው፣ ማሚ። ዛሬ ድምፅሽ ከካሜራው ነው የመጣው» አለች።

«ዛሬ ማለት?»

«አዘር ዴይስ ከታች ነው የምትመልሺልኝ።» በጣቷ ወደ ምድር ቤቱ የሚያስወርደውን የቤዝመንቱን በር አሳየችኝ።

ሌላ ቀን እኮ ስልኬ ሎከር ውስጥ ነው።

የቤቱን መብራት ሁሉ አብርቼ፣ መጥረጊያ ይዤ ወረድኩ። መጥረጊያ ምን እንደሚያደርግልኝ አትጠይቁኝ። ከውኃ ማሞቂያውና ከሻንጣዎቻችን በቀር ምንም የለም። የውጪው በር እንደተቆለፈ ነው። ማታ ሶሊን አልጋዬ ላይ አስተኛኋት፤ እሷ ተኛች፣ እኔ ግን ጆሮዬን እንደቀሰርኩ ነጋ።

ዛሬ ኮል ኦፍ አድርጌ ከሥራ ቀረሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሶሊ ያንን ጉደኛ እንጀራ ለሁለታችን ጠቅልላ አቀረበች። በዚህ ቤት ማንም ሰው «እንብላ» እንዳይል ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር። እሷ ቃሏን ጠበቀች። እኔ ግን ጥቅሉን ሳነሳ ይሄ የለመደ አፌ «እንብላ!» ብሎ አረፈው።

ሁለታችንም ወደ ቤዝመንቱ በር ዞርን።

እስካሁን የመለሰ የለም... ግን ይኸው፣ እኛም አልጎረስንም።