ሦስት ዘውድ ያለበት ጠመንጃ

ሰሞኑን መካነ ሰላም ውስጥ ቁልፍ ላስቀርጽ አንድ ሱቅ ስገባ፣ የተሞረደ ብረትና የነጭ ጋዝ ሽታ ተቀበለኝና ጋሽ ይማም ድቅን አሉብኝ። እንባዬ መጣ። ባለ ሱቁ ልጅ ደንግጦ "ምነው እናቴ፣ አመመዎት?" አለኝ።

ጋሽ ይማም በደርግ ጊዜ የከተማችን ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። ገበያው ጥግ ባለችው ቆርቆሮ ቤታቸው ሞረዳቸውን ይዘው፣ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው ይውላሉ። ምላሳቸው አይጣል ነው! የዛገ ጠመንጃ ይዞ የመጣውን "ይኼን ከምታነግት ሙቀጫ ብትሸከም ይሻልህ ነበር" ይሉታል።

መሣሪያ አስረክቡ ሲባል፣ አባቴ ከአያቴ የወረሰውን የጀርመን የአደን ጠመንጃ ይዞ ቀበሌ ሄደ። ባለ ሦስት አፈሙዝ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ለቆቅ ፍንጣሪ ይረጫሉ፣ ከሥር ያለው ለድኩላ አንድ ጥይት ይተኩሳል። ሊቀመንበሩ ሲያገላብጠው ብረቱ ላይ ዘውድ አየ። "የንጉሡ ሽልማት ነው! አንተ አድኃሪ!" ብሎ አባቴን አሰረው። ያኔ በዚህ ተወስዶ የቀረ ስንቱ ነው! እናቴ እኔን አስከትላ ጋሽ ይማም እግር ላይ ወደቀች።

"ኧረ በአላህ ተነሺ!" አሉና ከእኛ ጋር ወጡ።

ቀበሌ ገብተው ጠመንጃውን ፈቱት፣ ወለወሉት። ዘውዱ በሦስቱም አፈሙዝ ላይ ነበር፤ ከየዘውዱ ሥር የፈረንጅ ፊደላት አሉ።

"ሽልማት ቢሆን አንድ አይበቃም?" አሉ። "ይኼ የፍተሻ ምልክት ነው። ጀርመኖቹ ሲሠሩት ባሩድ ከልኩ አብዝተው ይተኩሱበታል፤ ሳይፈነዳ ከቀረ ዘውድ ይመቱበታል። ይቺ ፊደል ደግሞ ውስጡ ጥይቱን የሚያሾር ጠመዝማዛ ቦይ እንዳለው ትናገራለች። ያለችው በታችኛው ላይ ብቻ ነው፤ እስቲ አጮልቀህ እይ።"

ሊቀመንበሩ በየአፈሙዙ አጮለቀ። ልክ እንዳሉት ነበር።

"እንግዲያው ፈርም። ውሸት ከሆነ እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ" አለ።

"ወላሂ እፈርማለሁ።"

ፈረሙ። አባቴ ያንለት ከእኛ ጋር ቤቱ ገባ።

ሳምንት ሳይሞላ "ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ለማን ነው የሚጠግነው?" ብለው የደርግ ሰዎች ጋሽ ይማምን ወደ ደሴ ወሰዷቸው። በዚያው ቀሩ። አባቴ "በእኔ ምክንያት፣ በእኔ ምክንያት" እያለ ደረቱን ይደቃ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ ወንድሜ ተወለደ። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ "የቤት ስሙስ ማን ይባል?" አሉ።

"ይማም" አለ አባቴ።

ቄሱ ቀና ብለው አዩትና "ይሁን፣ ይገባቸዋል" አሉ።

ወንድሜ ዛሬም ይማም ነው። አባቴ ያን ቀን ባይፈታ ኖሮ እሱም ባልተወለደ።