ከቶርኖ የወጣው ጽዋ

ወልደየስ የገብርኤልን ጽዋ ዲሽዋሸር ውስጥ የከተተው ለክፋት አልነበረም። ተራው ደርሶት ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ጽዋውን ተረክቦ ካልገሪ ቴምፕል ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሲገባ ጠላ ጠላ ሸተተውና በንጽሕና ልያዘው አለ፤ ይኸው ነው። የዲሽዋሸሩን በር ሲከፍት ግን የወይራው ጽዋ ከአፉ እስከ ታቹ ተተርትሯል። ጽዋው የማኅበሩ ታላቅ የእትዬ ተናኘወርቅ እናት ንብረት ነበር፤ እትዬ ራሳቸው ከአገር በሻንጣ ይዘውት መጥተው ነው የካልገሪ ማኅበርተኞች የተሰበሰቡበት።

ሰው አይቶት ቢሆን ምናልባት ያለቅስ ነበር። ማንም አላየውም። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ከቆሻሻው ጋር አወጣው፤ በማግስቱ መኪናው ወሰደው።

የሚቀጥለው በዓል እሱ ቤት ነው፤ ጽዋው መቅረብ አለበት። ስለዚህ ኤሪን ውድስ አካባቢ በአራት ቅዳሜ የእንጨት ሳሕን በቶርኖ መሥራት የሚያስተምሩ መኖራቸውን ሲሰማ ተመዘገበ። ለሚስቱ ለፀሐይ ኦቨርታይም ነው አላት። እሷም ምስኪን፣ ደከመው ብላ ምሳ ትቋጥርለታለች። ያ ምሳ አልዋጥ ይለው ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መሮውን ገፋ ሲያደርግ የሚሽከረከረው እንጨት ነክሶ ያዘበትና ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። አስተማሪው ጢማም ሽማግሌ ነው፤ አትታገለው፣ የመሮውን ጀርባ እንጨቱ ላይ አሳርፈህ ስለቱ ራሱ ይብላ አለው። በሁለተኛው ሲያሳሳ ሲያሳሳ ታቹን በሳው። ሦስተኛው አማረለት፤ ግን እንጨቱ እርጥብ ነበርና ቤት ሲገባ በሂተሩ ሙቀት ተሰነጠቀ። የእጁን ነው ያገኘው።

በአራተኛው በርች የሚባል ደረቅ እንጨት ሰጡት። ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ሲወርድ ደስ አለው፣ ለአፍታም ጥፋቱን ረሳ። መርሳቱ ትዝ ሲለው በራሱ አፈረ። ይህም አልበቃ ብሎት ያረጀ እንዲመስል አዲሱን ጽዋ በሻይ ቅጠል አጠየመው።

በበዓሉ ቀን ጽዋው ዞሮ ዞሮ እትዬ ተናኘወርቅ እጅ ገባ። ዓይናቸው ደክሟል። በአውራ ጣታቸው ጎኑን አንዴ፣ ደግመውም ዳሰሱት። ሰው ምግብ ላይ ሲሆን ኪችን ጠሩት።

«ወልደየስ፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«ዲሽዋሸር ውስጥ ከተትኩት እትዬ። ተሰነጠቀብኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ አልሰነጠቅከውም። ድሮም የተሰነጠቀ ነው፤ እናቴ ናት በሰም የደፈነችው። ሙቁ ውኃ ሰሙን አቅልጦት ነው። በል አምጣልኝ፣ እደፍነዋለሁ።» እጃቸውን ዘረጉ።

«ጣልኩት» አለ። «የቆሻሻ መኪና ወሰደው።»

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይሄንንስ ከየት አመጣኸው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት። አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ።»

«አራት ቅዳሜ ሙሉ ከምትደክም» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ፣ «አንድ ቀን ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?»

ቀጣዩ ተራ የሳቸው ነበርና አዲሱን ጽዋ በነጠላቸው ሸፍነው ተረከቡት። ወልደየስ እስከ መኪናው ሲሸኛቸው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።