ዳባት እስክንደርስ

ውሸት አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ ወተት ደፍቼ «ድመቷ ናት» ስል ዓይኔ ይቁለጨለጫል፤ አባቴም ዓይኔን አይቶ ይስቅብኝ ነበር። እኔው ነኝ እንግዲህ አንድን ሰው ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ድረስ ዋሽቼ ያመጣሁት። ዛሬም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ሰላም ለማስከበር የዘመተው ሻለቃ ጦራችን የዓመት ግዳጁን ጨርሶ ሊመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። እኔ የሻለቃው ነርስ ነበርኩ። የደወሉት የአምቡላንስ ሹፌራችን አጎት ናቸው፤ ከዳባት። እሱ የዳባት፣ እኔ የደባርቅ ልጅ በመሆናችን በሰው አገር እንደ አንድ እናት ልጆች ነበርን።

«የኔ ልጅ፣ እናቱ አርፋለች። ሳምንት ሆናት» አሉኝ። «አደራሽን፣ ወሬው ጆሮው እንዳይገባ። ጎህ ሲቀድ ዳባት አድርሽልን፤ እኛ መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቃችኋለን።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። እሺ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

የመጣልን የጭነት አውሮፕላን ነው። በግራና በቀኝ በተወጠረ የገመድ መቀመጫ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጠን ተቀመጥን፤ ዕቃችን መሀል ላይ በመረብ ታስሯል። ጩኸቱ ለጉድ ነው፤ ለማውራት አፍን ከሰው ጆሮ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ደስ አለኝ። አባቴ ቢሰማ እንዴት እንደሚገረም ሳስብም ብቻዬን ፈገግ አልኩ። የፓርክ ጠባቂ ነው አባቴ። ካለፈው ወር ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ወንድሜ «ተራራው ላይ አምቢኮ በኩል ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። ሁልጊዜም እንዲህ ስለሆነ ነገሬ አላልኩትም። «በመጨረሻ መዋሸት ቻልኩልህ» እለዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ።

ወደ ምሥራቅ ስለምንበር ንጋቱ ቶሎ መጣብን። ነዳጅ ለመቅዳት አንድ በረሃ ላይ ስናርፍ ሹፌሩ የእጅ ሰዓቱን አስጠጋልኝ። ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን ያገር ቤት እንደሞላ ነው የኖረው፤ እዚያ ከነበርንበት በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ስንት ጊዜ ስቀንበታል!

«አየሽ፣ አሁን እማዬ ከኪዳን ተመለሰች» አለኝ።

የውሃ ኮዳዬ ከእጄ ወደቀ። «ምነው?» ሲለኝ «ሞቀኝ» አልኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት እንጂ እዚያው ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

የሚያስቀው ምግቡ ነው። መርዶ የሚጠብቀው ሰው በባዶ ሆዱ መሆን የለበትም ብዬ የደረሰኝን ብስኩትና የታሸገ ሥጋ ሁሉ ወደሱ እገፋለሁ። እሱ ደግሞ የራሱን ወደኔ ይገፋል። «ብላ እንጂ!» «አንቺ ብዪ!» አጠገባችን የተቀመጡት አሥር አለቃ «ሁለታችሁም ካልራባችሁ ለኔ ስጡኝ» ብለው ቀለዱብን። ሹፌሩ ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ ጣለልኝ። አይ ሞኝ፣ የራሱን ሳያውቅ ለሰው ያስባል ብዬ አዘንኩለት።

ደብረ ዘይት ወርደን፣ በሌላ አውሮፕላን ጎንደር ገብተን ልናድር ሆነ። ሳይጠረጥር በምን ዘዴ ከጎህ በፊት እንደማስነሳው ሲጨንቀኝ እሱ ቀደመኝ። «በሌሊት ብንነሳስ? በማለዳ ደባርቅ ብትገቢ ይሻልሻል» አለ። እግዜር አገዘኝ አልኩ።

የተከራየነው ሚኒባስ ዳባት ሲገባ ሰማዩ ገና መገርጣቱ ነበር። አጎቱ፣ የነፍስ አባታቸውና ሌሎች ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መንገድ ዳር ቆመዋል። እሱ በመስኮት አያቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«አንቺም?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። «እማዬ!» ብሎ ዘለለና ወረደ፤ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ያዙት። ሴቶቹ ከግቢ እየጮኹ ወጡ። እኔም ወርጄ አብሬ አለቀስኩ። አደራዬን ግን አድርሻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሸክም የወረደልኝ መስሎኝ ነበር።

ተሰናብቼ ወደ መኪናው ስመለስ ከኋላዬ መጣ። ጉልበቱ አፈር ነው፤ ነጠላ ትከሻው ላይ ጥለውለታል። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል? ውረድ እንጂ፣ ልቅሶህ ላይ ሁን!» ብዬ ጮህኩበት።

አጎቱ ደርሰው «ልጄ፣ ወዴት ነው?» አሉት።

«ደባርቅ ደርሼ እመለሳለሁ። እኔም አደራ አለብኝ።»

አጎቱ እኔን አዩኝና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። በሩን ራሳቸው ዘጉልን። መኪናው ተነሳ።

ጥቂት እንደሄድን ከኪሱ ትናንት እምቢ ያልኩትን ብስኩት አወጣ። ወረቀቱን ቀደደልኝ።

«እህት ዓለም፣ እባክሽ ትንሽ ቅመሺ» አለኝ።

ጃኬቱ፣ በሌሊት እንነሳ ማለቱ፣ የአምቢኮ ኔትወርክ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ወደሱ ዞርኩ።

«አባቴ ነው?»

«ደባርቅ ስንደርስ» አለ። ዓይኑ ተቁለጨለጨ።

ተናደድኩበት። ልመታው ሁሉ እጄን አንስቼ ነበር። ግን እኔስ እሱን እንዲሁ አልነበር ያመጣሁት? ብስኩቱን ተቀብዬ በላሁ፤ አልወርድ አለኝ፣ ኮዳውን ሰጠኝ።

የደባርቅ መግቢያ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች ቆመዋል። ወንድሜን አየሁት። አጎቴን አየሁት። የነፍስ አባታችንንም አየኋቸው። እያወቅሁ፣ መሀላቸው አባቴን ፈለግሁት።