ኮርኒሱን ያልሠራው አናጢ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስንቱን ትንንሽ ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ደክሞኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ ጎፋ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏታል። የአቡጀዲ ኮርኒሳችን ተቀዳዶ ስለተንጠለጠለ፣ የበጋው ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሙቀቱ በቀጥታ እሷ ላይ ይወርዳል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንሶላዋን በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። አቡጀዲውን አንስቼ የችፑድ ኮርኒስ ለማሠራት ወሰንኩ።

መጀመሪያ የጠራሁት ጎረቤታችንን ጋሽ ደስታን ነው። ሰፈሩ የሚያከብረው አናጢ ነበር። ረፋዱን ሙሉ ሲለካ ቆየና ችፑዱን፣ እንጨቱን፣ ምስማሩን፣ የእጁን ዋጋ ሳይቀር በደብተር ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጠኝ።

«አየር ማስወጫ ካልተከፈተለት ኮርኒሱ ብቻውን ሙቀቱን አይከለክልልሽም» አለኝ። «ላታልልሽ አልፈልግም።»

ዋጋው ከሦስት ወር ደመወዜ በላይ ነበር። ሌላ ሰው አፈላለግሁ። ግርማ የሚባል፣ ለቡ በኩል በመንግሥት ግንባታ ላይ የሚሠራ አናጢ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ አለኝ። ችፑድ ከገበያ በጠፋበት ጊዜ ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቅሁትም። ለምን አልጠየቅሁም? መልሱን ስለማውቅ ነው። በሁለት ቀን ጨርሶ ሄደ። ያየው ጎረቤት ሁሉ የጋሽ ደስታ ሠራተኛ መስሎት ነበር።

ወር ሳይሞላ ከግንባታው ችፑድ ተሰርቋል ተብሎ ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች እኛም ቤት ገቡና ቀና ብለው አዩ።

«ማነው የሠራልሽ?» አለኝ አንደኛው።

የግርማን ስም ብጠራ፣ እያወቅሁ መግዛቴን እሱም እንደሚናገርብኝ ገባኝ። መሳቢያውን ከፈትኩ። የጋሽ ደስታን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። «እንጨቱንም ችፑዱንም ያመጣው እሱ ነው» አልኩ።

የዚያኑ ቀን ወሰዱት። ስድስት ወር ታሰረ። መጋዙና መዶሻው ሳይቀር ተወረሰ። ሚስቱ ጽጌ ስንቅ ስታመላልስ አብሬያት አዝን ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ሳህኑን ይዤላት እስከ እስር ቤቱ በር ሄጃለሁ። እዚያ ቆሜ አንድ ቃል ብናገር ይፈታ ነበር። አልተናገርኩም። የታመመች እናት አለችኝ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እሱስ ሰው አልነበረውም?

በተፈታ በሁለተኛው ወር እናቴ ሞተች። ጋሽ ደስታ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በጣም ከስቷል። አጠገቤ ተቀመጠና ሰዉ ሳሳ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወረቀቱን አሳይተውኛል» አለኝ።

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«ለጽጌ አልነገርኳትም። አልነግራትምም። ጎረቤት ናችሁ፤ ለክፉም ለደጉም ትፈላለጋላችሁ።»

ያን ጊዜ እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩት፤ ለቅሶ የደረሰን ሰው ሁሉ እንደምለው።

ወደ አናጢነቱ አልተመለሰም። ላፍቶ በአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ጥቂት ዓመት ሠራና ሞተ። ቃሉን ጠብቆ ነው የሞተው።

ጽጌ አለች። እኔም አለሁ። ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጉልበቴ ስለሚከዳኝ ክንዴን ትይዘኛለች። ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ «በባሌ ላይ ማን እንደጠቆመ ሳላውቅ ልሞት ነው እኮ» አለችኝ።

«ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኳት።

እኔ ነኝ ያልኳት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ክንዴን ይዛኝ ሳለ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር የማለቱ ሥልጣን የእሷ ነው። እሷን ደግሞ ዛሬም አልጠየቅኋትም።