የጋሼ ሶል ሳቅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በእግሬ ሳልፍ አንድ አሮጌ ሱቅ ዕቃው እየወጣ ነበር። በፀሐይ የሞቀ የፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ጋሼ ሶል ትዝ አሉኝ።

የቪዲዮ ካሴት አከራይ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ከሥራ እስክትመጣ እሳቸው ሱቅ እቆይ ነበር። ሱሪያቸውን እስከ ደረታቸው የሚታጠቁ አይሁዳዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤተሰባቸውን ናዚዎች ፈጅተውት ብቻቸውን ተርፈዋል። ሐበሻው ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው የቁልምጫ ስም መስሏቸው ስልክ ሲያነሱ «ጋሼ ነኝ» ይሉ ነበር።

እማዬ በቀይ ሽብር የተገደለ ወንድም ነበራት፤ ታደሰ። ስሙ ከተነሳ እንባዋ ስለሚቀድማት ቤታችን ውስጥ አይነሳም ነበር። አጎት እንደነበረኝ እንጂ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ካሴት ልንመልስ ስንገባ ጋሼ ሶል ስለ ናዚዎች እስር ቤት የተሠራ ፊልም እያዩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ፊልሙ ላይ አንድ አጥንቱ የወጣ እስረኛ ውሃ የመሰለ ሾርባውን አገላብጦ አይቶ፣ «አስተናጋጅ! ሾርባዬ ውስጥ ዝንብ እንኳን የለም!» ይላል።

እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሶሪ ጋሼ፣ ግን ነውር አይደለም? በዚህ ይሳቃል?»

ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አባቴ ቀልደኛ ነበር። ሳለቅስ አሟሟቱ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ስስቅ ራሱ ይመጣል።»

እማዬ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ጥርስ ባዳ ነው» አለች በአማርኛ። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጥርስ የሥጋ ዘመድ ስላልሆነ ለቅሶ ቤትም ይስቃል ማለቷ ነው አልኳቸው። እንዴት እንደወደዱት!

ያኔ ነው እማዬ በርጩማ ስባ የተቀመጠችው። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጀመረች።

«አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ታዴ የእኔን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ምስር እየለቀመ ጠበቃቸው። አንዱ ጠባቂ ‹እህቴ፣ ወንድምሽ የት ገባ?› ሲለው፣ ድምፁን አቅጥኖ ‹ያ ዱርዬ! አስለቅሶኝ ጠፋ› አይለውም መሰላችሁ? ሰውየው ‹አይዞሽ› ብሎት ወጣ!»

ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሌላ ቀን ግን ያዙት። እሱንም ነገረችን፤ አለቀሰችም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀልዱን ቀጠለች።

ጋሼ ሶል ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ውለታቸው አለብኝ። አጎቴን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጄን ታደሰ አልኩት፤ እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትጠራው ትውላለች።