አራቱ መርፌዎች

ታናሽ እህቴ ከለቡ ደውላ «ወገቤን ብርድ መታኝ መሰለኝ» ስትለኝ መካኒሳ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፤ ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ «ብርድ አይደለም። ተነሽና ልብስሽን ልበሽ፣ መጣሁ» አልኳት።

እኔንም ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰባተኛው ወሬ፣ ብርድ ነው ብለውኝ ነበር። ወገቤን በነጠላ አስሬ አንድ ቀን ሙሉ ተኛሁ። ለካ ምጥ ነበር፤ ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ እንዳለ፣ ግን ለመሥራት ጊዜ እንደሚፈልግ፣ እኔ ደግሞ ጊዜ እንደሌለኝ ነገረኝ። ልጄ ትንፋሽ እያጠረው ሁለት ቀን ኖረ።

እህቴ ግን በጊዜ ደረሰች። ነርሷ «አራት ነው፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ» ብላ የመጀመሪያውን ስትወጋት እህቴ ፊቷን አጨማደደች። ተናደድኩ። እንዲህ ላለ መርፌ ፊት ይጨማደዳል? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እየጎተትኩ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ደስታውስ ነበረ፤ ቅናቱ በለጠው እንጂ። በየመርፌውም እየባሰብኝ ሄደ። ከሦስተኛው በፊት ምጡ ሲጠነክርባት «እሷም ትቅመሰው» የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ወዲያው አማተብኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አራተኛውንም ተወጋች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አንድ ፍሬ ነው፤ ጩኸቱ ግን ኮሪደር ድረስ ተሰማ። የኔ እንደዚያ አልጮኸም።

በሦስተኛው ቀን ልጁን ራቁት ደረቷ ላይ አስተኝታ እያሞቀችው ሳለ «አንቺንስ ስንት ወጉሽ?» አለችኝ። ያኔ ከአዲስ አበባ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረች ዝርዝሩን አልነገርናትም።

«አንድም።»

የልጁን ኮፍያ አስተካከለች። ከዚያ «ገላዬን እስክታጠብ ያዥልኝ» ብላ አቀበለችኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ደረቴ ላይ አስተኛሁት። ትንሿ ጀርባው ከመዳፌ ሥር ከፍ ዝቅ ትላለች፣ ሳትቸኩል። ከሁሉም አብልጬ የቀናሁባት ያኔ ነው።

ታጥባ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

እጇን መልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።