ኤኮው ከማን ቀጥሎ ይሰካ?

የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ፣ አንዱም ሳይበላሽ፣ ሥራው ግን እምቢ ብሎዎት ያውቃል? ክሩም አለ፣ መርፌውም አለ፣ ጨርቁም አለ፤ የሚወጣው ግን ቀሚስ አይደለም። እኔን አንድ ጊዜ እንዲህ ገጥሞኛል፤ በቀሚስ ሳይሆን በጊታር።

በደርግ ዘመን ነው፤ ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ናዝሬት ተመድቤ ሳይንስ አስተምር ነበር። ያን ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም ማለት ይቻላል። የእኛ ቀበሌ ሊቀ መንበር ለቡድኑ ተጠሪ ሲፈልጉ አስጠሩኝና፣ «አንቺ የሳይንስ አስተማሪ ነሽ፤ የኤሌክትሪክ ነገር አይጠፋሽም» ብለው መደቡኝ። ስለ ሙዚቃ የማውቀው በትምህርት ቤት መዝሙር ላይ የተወሰነ ነው። ቢሆንም ደስ አለኝ። ዕቃ በየቦታው ማስቀመጥና ምክንያቱን ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ «ጠመኔው ካላለቀ አታቆምም» እያሉ ያሙኛል።

ጊታር የሚመታልን የመቂ ልጅ ነበር። ቀን ከመቂ የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያራግፍና ሲያስጭን ይውላል፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ስለሚመጣ ሸሚዙ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ዛሬም በአንተ የተነሳ እያለቀስኩ ልዝፈን?» ትለዋለች ዘፋኟ አፍንጫዋን ይዛ።

«ምን አለበት! ሕዝቡ ስሜት መስሎት ያጨበጭብልሻል» ይላታል።

ይህ ልጅ በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል የሚሰኩ ሦስት ሳጥኖች ነበሩት። አንደኛው ዋዋ ነው፤ በእግር ሲረገጥ ጊታሩን አፉን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሰው ያናግረዋል። ሁለተኛው ፈዝ ይባላል፤ ንጹሑን ድምፅ ተቀብሎ ያሻክረዋል፤ የተቀደደ ስፒከር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ልዩነቱ ሲፈልጉ ብቻ መምጣቱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጨዋታ ካቆመ ሙዚቀኛ ላይ በራሱ ገንዘብ ነው የገዛቸው። ሦስተኛው ኤኮው ነው። በውስጡ የቴፕ ክር የሚሽከረከርበት ትልቅ ሳጥን ሲሆን የሰማውን እንደ ገደል ማሚቶ እየደጋገመ፣ እያሳነሰ ይመልሳል። እሱ ከተወረሰ መጠጥ ቤት የመጣ የቀበሌው ንብረት ስለነበር ግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም የቀበሌው ቁጥር ተጽፎበታል።

ችግሩ ሦስቱ ተሰክተው ጊታሩ ሲመታ ነው። የሚወጣው ዜማ ሳይሆን የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር። ኖታው በኖታው ላይ ይደረመሳል፤ ልጁ እጁን ሲያነሳ እንኳ «ሽሽሽሽ» የሚል ነገር አዳራሹን ይሞላዋል።

ሊቀ መንበሩ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ሰሙና ተነሱ። «ቅዳሜ ከአውራጃ መራጮች ይመጣሉ። የተመረጠ ቡድን ሞጆን፣ መቂንና ዝዋይን ይዞራል። ይህ ጩኸት ካልተስተካከለ ጊታሩ ይቀራል፤ አኮርዲዮኑ ይበቃናል» ብለው ወጡ።

ልጁ ጊታሩን አቅፎ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መቂ እኮ እናቴ አለች» አለኝ። «ገበያ ላይ ‹ልጄ ሙዚቀኛ ነው› እያለች ነው ቲማቲም የምትሸጠው። አንድ ቀን ስመታ አይታኝ አታውቅም። ቡድኑ ያለ እኔ መቂ ሲገባ ምን ልትል ነው?»

«ነገ ቀደም ብለህ ና» አልኩት። «አንድ በአንድ እንፈትሸዋለን።»

«ቶሌ፣ ቲቸር» አለ፤ በኦሮምኛ እሺ ማለቱ ነው፤ ፊቱ ግን አላመነኝም።

በማግሥቱ ሁሉንም ነቃቀልን። ክፍል ውስጥ የማስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ብዙ ነገር አብሮ ሲያስቸግር አንዱን ለብቻው ይዞ መጠየቅ። ጊታሩን በቀጥታ ማጉያው ላይ ሰካነው፤ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጥርት አለ። ፈዙን ብቻ ጨመርን፤ ደስ የሚል ሻካራ ድምፅ ወጣ። ፈዙን አውጥተን ኤኮውን ብቻ ሰካን፤ እሱም ደህና ነው። ዋዋውም እንደዚያው። ለየብቻቸው ጨዋዎች ናቸው፤ የሚጣሉት አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

«እንግዲህ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ የተራው ነው» አልኩት። «አሁን ጊታሩ የሚገባው መጀመሪያ የት ነው?»

«ኤኮው ውስጥ። ከዚያ ዋዋ፣ ከዚያ ፈዝ።»

ወዲያው ጠመኔዬን አወጣሁ፤ ሰሌዳ ስለሌለ መድረኩ ላይ ሳልኩለት። ኤኮው ከቀደመ አንዱን ኖታ ብዙ አድርጎ ይልከዋል። ፈዙ ደግሞ የትኛው ዋና፣ የትኛው ድጋሚ እንደሆነ አያውቅም፤ የመጣለትን ሁሉ እኩል ያሻክረዋል። የኤኮውን ክር ሹክሹክታ እንኳ አጉልቶ ጩኸት ያደርገዋል። ፈዙ ከቀደመ ግን አንድ ኖታ ብቻ ያሻክራል፤ ኤኮውም ያለቀለትን ድምፅ ተቀብሎ ይደጋግመዋል።

«ወጥ ስትሠራ መከለሻውን ሽንኩርቱ ሳይበስል ትጨምረዋለህ?»

«ስለ ሽንኩርት ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» ብሎ ሳቀና የሽቦዎቹን መሰኪያ ጃኮች ቀያየረ። ዋዋ፣ ፈዝ፣ መጨረሻ ላይ ከማጉያው አጠገብ ኤኮ። አንድ ኖታ መታ። ሻካራው ድምፅ ወጣ፣ ግድግዳውን ነካ፣ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ሁለታችንም እስኪጠፋ ድረስ ሰማነው።

«ጋሪዳ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ግሩም ነበር።

ሊቀ መንበሩ የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ጆሮአቸውን ሳይሆን ዓይናቸውን አስቀደሙ።

«ኤኮውን ማን ነው ከኋላ የወረወረው?»

ለካ ሳጥኖቹን በዚያ ተራ ያሰለፏቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው! የቀበሌው ንብረት ከፊት፣ የግል ዕቃ ከኋላ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ኤኮው ከፊት ሲሆን ድምፁ ይበላሻል እኮ» አልኳቸው።

«የሕዝብ ንብረት ከግል ንብረት ይቀድማል። መራጮቹ መጥተው የግለሰብ ሳጥን ከፊት፣ የሕዝቡ ሳጥን ከኋላ ተሰልፎ ቢያዩ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም።»

መድረኩ ላይ የሳልኩትን አሳየኋቸው። ስለ መከለሻው ነገርኳቸው።

«ወጥ ሌላ፣ አብዮት ሌላ!» አሉና ኤኮውን በገዛ እጃቸው ሊያነሱት ጎንበስ አሉ።

ልጁ አየኝ። ቅዳሜ ማለት ነገ ነበር። ያን ጊዜ ሳላስበው ክፍል ውስጥ የምጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ማጉያው የማን ንብረት ነው?»

«የሕዝብ ነዋ! እሱም ከዚያው ቤት ነው የተወረሰው።»

«ሕዝቡ የሚሰማው ድምፅ ከየት ነው የሚወጣው?»

«ከማጉያው።»

«እንግዲያው ከሰፊው ሕዝብ ወገን ሆነው ይቁጠሩ። መጀመሪያ ማጉያው፤ የሕዝብ ነው። ቀጥሎ ኤኮው፤ የሕዝብ ነው። የግል ዕቃ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ፈዝ፣ ዋዋ። ጊታሩ ራሱ የመጨረሻው ነው። እስካሁን እኮ ስንቆጥር የነበረው ከግለሰቡ ጀምረን ነው።»

ሊቀ መንበሩ ቀና አሉ። በጣታቸው ከማጉያው ጀምረው ወደ ጊታሩ ቆጠሩ። ተመልሰው ደግሞ ቆጠሩ። ልጁ ሳቁን ለመዋጥ የሌለ አቧራ ከጊታሩ ላይ ይጠርጋል።

«ይኸን ከመጀመሪያው አትናገሪም?» አሉኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስቲ ምታው።»

መታው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ለካ ይህ ልጅ መምታት ይችላል» አሉ፤ ሲጮህ የከረመው በማን ትእዛዝ እንደሆነ ፈጽሞ ትዝ ሳይላቸው።

ቅዳሜ ከመራጮቹ አንዱ ስለ ሳጥኖቹ ሲጠይቅ መልስ የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ከሰፊው ሕዝብ ወገን ሲቆጠር...» ብለው ጀምረው እስከ ዋዋው ድረስ አስረዱ። እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ፤ ለእኔ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ቡድናችን ተመረጠ፤ ጊታሩም አብሮ።

መቂ ላይ እናቱ ነጭ ነጠላ ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ልጃቸው የመጨረሻውን ኖታ መትቶ እጁን ከክሩ ላይ ሲያነሳ ድምፁ ብቻውን ወደ ላይ ወጥቶ እየደጋገመ ሄደ። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ መድረኩ ቀርበው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ልጁ እስኪንበረከክ ሳቀ።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«‹አንተ እጅህን ካነሳህ በኋላ የሚጨርስልህ ማነው? ለእሱም ምሳ ልላክለት› አለችኝ።»

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ሰፈርዎ ውስጥ ጊታር ከነሳጥኖቹ ያለው ልጅ አይጠፋም፤ ለጥቂት ደቂቃ ያስቸግሩት። አንድ ዜማ ኤኮውን ከፈዙ አስቀድሞ ይምታልዎት፤ ከዚያ ሁለቱን ብቻ ያቀያይርና ያንኑ ዜማ ይድገምልዎት። የቱ እንደሚሻል ግን አስቀድሞ እንዳይነግርዎት ይለምኑት። ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎ ይፍረዱ።